የነሐሴን ባዶ ገጽ ምን ላድርገው?

የምክር ዓምድ

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የማጠናው መንዝ ጓሳ ላይ ያሉትን አይጠ መጎጦች ነው። ከብት በሚገባበትና በተከለለው ቦታ ብዛታቸው ይለያይ እንደሆነ ማየት ነው ሥራዬ። አራት ግሪድ፣ ማለትም ወጥመድ በረድፍ የምደረድርበት ቦታ፣ አለኝ፤ ሁለቱ ክልሉ ውስጥ፣ ሁለቱ ግጦሹ ላይ። በየግሪዱ 49 ወጥመድ ለሦስት ሌሊት እዘረጋለሁ።

የበጋውን ሁለት ዙር በሰላም ጨረስኩ። የክረምቱን አንደኛ ዙርም ሐምሌ ላይ ሠራሁ። ነሐሴ ላይ ግን ሁሉም ነገር ተበላሸ። ገና በመጀመሪያው ቀን በ9 ሰዓት ዘርግቼ በ12 ሰዓት ስመለስ 14 ወጥመድ የለም። በቀረው 35 ቀጠልኩ። አንድ ክልል፣ አንድ ግጦሽ እንደጨረስኩ ትኩሳት ያዘኝና መቆም አቃተኝ። ጥዬ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ሁለቱ ግሪዶች ባዶ ቀሩ። የሠራሁትም ቢሆን ቁጥሩ ወርዷል። ሐምሌ ላይ 28 አይጥ የያዝኩበት ክልል ነሐሴ ላይ 21 ብቻ ሆነ።

አብሮኝ የሚማር ልጅ ‹የሐምሌውን ከፍ ዝቅ አድርገሽ ሙዪው፣ አይጥ ማን ይቆጥርብሻል?› አለኝ። አማካሪዬ ኢሜይል አይመልሱም። የመመረቂያ ጽሑፌ ዲፌንስ ሰኔ ላይ ነው። እናቴ ‹ለአይጥ ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ?› ትለኛለች። እረኞቹም ‹አይጥ ለቃሚዋ መጣች› ይሉኛል። ልሙላው? ርዕስ ልቀይር? ወይስ ጭራሽ ልተወው?»

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ግን ትኩሳቱን ልጠይቅሽ። ምን ነበር? ተመረመርሽ? ለሐኪሙስ አይጥ እንደምትይዢ ነገርሽው? ፊልድ ላይ የሚሠሩ ልጆች ይህን አይናገሩም። ጉንፋን ነው ይባሉና ፓራሲታሞል ይዘው ይመለሳሉ። የአይጥ ቁንጫ ተስቦ ያስተላልፋል። ካልነገርሽው ሐኪሙ ከየት ያመጣዋል? አሁን ደህና ብትሆኚም፣ ትኩሳቱ ከተመለሰ በመጀመሪያ የምትናገሪው ነገር ይህ ይሁን። ካሁን በኋላም ያለ ጓንት አንድም አይጥ እንዳትነኪ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አትሙዪው።

ጓደኛሽን አልኮንነውም። ጭንቀትሽን አይቶ ነው። እኔ ራሴ አንድ ገጽ ሞልቼ ስለማውቅ ፈተናው እንዴት እንደሆነ ይገባኛል። ተማሪ ሳለሁ ጭላዳ እቆጥር ነበር። በየማለዳው በአንድ መስመር እየሄድኩ ያየሁትን እጽፋለሁ። አንድ ቀን ጉሙ እጅ አያሳይም፣ ዝናቡም አላባራ አለ። ከድንኳን ሳልወጣ ዋልኩ። ማታ በባትሪ ብርሃን የትናንቱን ቁጥር አየሁና ትንሽ ቀነስ አድርጌ የዛሬውን ጻፍኩ።

ከወራት በኋላ አማካሪዬ ደብተሬን አምጣ አሉኝ። ገጹን አንድ በአንድ እየገለጡ ሄዱ። ሁሉም ገጽ ጭቃ ነክቶታል። እርሳሱ በውሃ ፈዟል፣ ጥግ ጥጉ ተጣጥፏል። አንዱ ገጽ ግን ንጹሕ ነው። የእጅ ጽሑፌም እዚያ ላይ ቀጥ ብሎ የተሰደረ ነው። እዚያ ገጽ ላይ ቆም አሉ። «ይህን ቀን ዝናብ አልነበረም?» አሉኝ። ዝም አልኩ። እሳቸውም አልደገሙልኝም። ገጹን ከዳታው አወጣሁት። ግን ከዚያ በኋላ ቴሲሱን እስክጨርስ፣ እነዚያን በብርድ ተንቀጥቅጬ የቆጠርኳቸውን ቀናት እያየሁ «እነዚህንስ ያምኑኝ ይሆን?» ስል ነው የከረምኩት። አንዷ የውሸት ቀን እውነተኞቹን ሁሉ አቆሸሸችብኝ። አንቺ ሦስት ሙሉ ዙር በደንብ ሠርተሻል። በሁለት ግሪድ ብለሽ እንዳታቆሽሺው።

«አይጥ ማን ይቆጥርብሻል?» ለሚለው ደግሞ መልስ አለው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። ያሉት ሁሉ ተደምረው 500 እንኳ አይሞሉም። ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። መንዝ ያለው ጥቂት ነው። የዚህ እንስሳ ዋና ምግብ ደግሞ አንቺ የምትቆጥሪያቸው አይጠ መጎጦች ናቸው። እዚያው ጓሳ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙትን ጥናት አይተሽው ይሆናል። ቀበሮው ጭላዳ መንጋ መሀል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶ ይሳካለታል። ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ ነው። ይህ እንዴት ታወቀ? ሜዳ ላይ ቁጭ ብለው እያንዳንዷን ሙከራ ስለመዘገቡ ነው። የከሸፈችውንም፣ ቀበሮው ዘልሎ አፈር ይዞ የተነሳባትንም። የከሸፉትን ከፍ ዝቅ ቢያደርጓቸው ኖሮ ይህ ልዩነት አይገኝም ነበር።

ለእናትሽም ይህንኑ ንገሪያቸው። ዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌለ እንስሳ ምን እንደሚበላ፣ የሚበላው ይበቃው እንደሆነ ነው ልጅዎ የምታጠናው በያቸው። አንድ ፎቶ ብታሳዪያቸው ደግሞ የበለጠ ይገባቸዋል። እናቶች የሚፈሩት ልጃቸው ብርድ ላይ ለከንቱ እንዳትለፋ ነው እንጂ አይጡን ንቀው አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ጓሳ ዝም ብሎ ሜዳ አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መንዞች ቄሮ በሚባል የራሳቸው የጋራ መሬት ሥርዓት ሲጠብቁት የኖሩት መሬት ነው። ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋል። ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ ይታጨዳል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ። ኋላ ላይ ማኅበረሰቡ በአዲስ መልክ መልሶ አቋቋመው። መቼ ይከፈት፣ ከብትስ እስከ የት ይግባ የሚለው ዛሬም ለዚያ ሰው የኑሮ ጉዳይ ነው። ያንቺ ቴሲስ ጥያቄ በቀጥታ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው። ነገ አንድ ሰው ያንቺን ሠንጠረዥ ይዞ ስብሰባ ላይ ሊቆም ይችላል። ከሐምሌ ተገልብጦ የተጻፈ ነሐሴ ለአንድ ገበሬ በሬ መከልከያ ሲሆን አስቢው።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። ነሐሴሽ ያሰብሽውን ያህል አልተበላሸም።

ቁጥሩ ወረደ ያልሽው የተያዙትን ብቻ ስላየሽ ነው። ስንት ወጥመድ ለስንት ሌሊት እንደተዘረጋ አብሮ መታየት አለበት። ሐምሌ ላይ 49 ወጥመድ ለሦስት ሌሊት፣ 147 የወጥመድ ሌሊት ነው። 28 ያዝሽ። በ100 የወጥመድ ሌሊት ስናሰላው 19 ይመጣል። ነሐሴ ላይ 35 ወጥመድ ለሦስት ሌሊት፣ 105 ነው። 21 ያዝሽ። በ100 ሲሰላ 20 ነው። አየሽ? አልወረደም። ባለበት ነው ያለው። አንቺ ስታለቅሺበት የከረምሽው ቁጥር ደህና ቁጥር ነው። የሐምሌውን ገልብጠሽ ብትሞይው ኖሮ ይህን ራሱ አታገኚውም ነበር።

ወጥመዶቹ የጠፉት ከመምሸቱ በፊት መሆኑ ሂሳቡን አቀለለልሽ። ሌሊቱን የሠሩት 35ቱ ብቻ ናቸው። ሁለት ነገር ግን አስተካክዪ። አንደኛ፣ ጠዋት ተዘግተው የተገኙትን ወጥመዶች፣ አይጥ ይኑርባቸው ባዶ ይሁኑ፣ እንደ ግማሽ ሌሊት ቁጠሪያቸው። ከተዘጋ በኋላ ሌላ አይጥ ሊይዝ አይችልምና። ይህንን ለሁሉም ዙር አድርጊው፣ ለነሐሴ ብቻ አይደለም። ሁለተኛ፣ 14ቱ የጠፉት ከየት ከየት እንደሆነ ካርታው ላይ ምልክት አድርጊ። ከየቦታው ከሆነ ብዙም አያሳስብም። ሁሉም ከአንድ ጥግ ከጠፉ ግን የዚያ ግሪድ ስፋት ራሱ ጠቧል፣ እሱን መጻፍ አለብሽ።

ያልተዘረጉት ሁለት ግሪዶችስ? እዚህ ላይ ዕድል ከአንቺ ጋር ነበረች። የተሠሩት አንድ ክልልና አንድ ግጦሽ ናቸው። ሁለቱም ክልል ቢሆኑ ኖሮ ማወዳደሪያ አይኖርሽም ነበር። አሁን ግን ወሩን ከነጉድለቱ መጠቀም ትችያለሽ። አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ ያሉት ሚክስድ ሞዴሎች የሚባሉ የስሌት ዘዴዎች እንዲህ ያለውን ያልተመጣጠነ ዳታ ይቀበላሉ። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ኤክሴል ላይ ባዶ በቀሩት ግሪዶች ዜሮ እንዳትጽፊ። ዜሮ ማለት «ዘረጋሁ፣ አደርኩ፣ ምንም አልያዝኩም» ማለት ነው። አንቺ አልዘረጋሽም። እሱ «ኤንኤ»፣ ማለትም «ዳታ የለም»፣ ነው የሚባለው። ይህን ያምታቱ ስንት ቴሲሶች አይቻለሁ። አይጡ ሳይጠፋ ጠፋ ተብሎ ይጻፋል።

እንዲያውም ከነሐሴው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ግሪዶችሽ አራት ብቻ ናቸው። ሁለት በሁለት። ምን አልባት በጠቅላላው 300 ወይም 400 አይጥ ይዘሽ ይሆናል። ዲፌንስ ላይ የተቀመጠ ፈታኝ ግን «ስንት ነው ሳምፕልሽ?» ሲልሽ 400 ካልሽ ያበቃልሻል። አንቺ የምታወዳድሪው ክልልን ከግጦሽ ጋር ነው። ስለዚህ የሚቆጠረው ቦታው ነው፣ አይጡ አይደለም። አንድ ግሪድ ላይ የተያዙ 100 አይጦች የአንድ ቦታ ወሬ ነው የሚያወሩት። ስቱዋርት ሀርልበርት የሚባል ኢኮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1984 በጻፈው ጽሑፍ ይህን ስህተት «ስዩዶሬፕሊኬሽን» ብሎ ሰይሞታል። እስካሁን ፈታኞች የሚወዱት ጥያቄ ነው።

መፍትሔው እጅሽ ላይ ነው። አሁን ጥቅምት ነው። እስከ ጥር ጊዜ አለሽ። ጥር ላይ ተመልሰሽ ሁለት አዲስ ግሪድ ጨምሪ፤ አንድ ክልል ውስጥ፣ አንድ ግጦሽ ላይ። ከቀድሞዎቹም ራቅ ይበሉ። 35 ወጥመድ አለሽ፤ አምስት በሰባት አድርገሽ ትደረድሪዋለሽ። ሦስት ሌሊት እዚህ፣ ሦስት ሌሊት እዚያ። ከመንገዱ ጋር አሥር ቀን አይሞላም። ብትችዪ የቀድሞዎቹን አራቱንም በዚያው ጉዞ አንድ ዙር ድገሚያቸው፣ ዓመቱ የተለየ መሆኑ እንዳያምታታሽ። ያኔ በበጋ በኩል ሦስት በሦስት ይሆንልሻል። የክረምቱን ነገር ቴሲስሽ ውስጥ ለስለስ አድርገሽ ታቀርቢዋለሽ። ርዕሱን መቀየር አያስፈልግሽም። ማጥበብ ነው የሚያስፈልግሽ። «በወቅቶች መካከል ያለው ለውጥ» የሚለውን ወደ ኋላ አድርገሽ «በክልልና በግጦሽ መካከል ያለው ልዩነት» የሚለውን ፊት አምጪው። ከመውጣትሽ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ላሉት ደውለሽ ጠይቂ። አስጊ ነው ካሉሽ ይቅር። በአራት ግሪድም ቢሆን በሐቅ የተጻፈ ቴሲስ ያልፋል።

ጥር ጓሳ ላይ ምን ያህል እንደሚበርድ ለአንቺ አልነግርሽም። ለአይጦቹ ግን እነግርሻለሁ። ሸርማን የሚባለው ሳጥን መሳይ ወጥመድሽ ብረት ነው፣ ሌሊት እንደ በረዶ ይሆናል። በየወጥመዱ እፍኝ ደረቅ ሣር ወይም ጥጥ ጨምሪ። ፀሐይ ሳትወጣ ድረሺላቸው። ተጠቅልሎ የደረቀ አይጥ ከወጥመድ ማውጣት ልብ ይሰብራል፣ ዳታሽንም ያበላሻል። የሞተ ዳግም አይያዝም።

አሁን ወደ 14ቱ ወጥመዶች እንምጣ። «የለም» ብቻ ብለሽ አልፈሽዋል። እኔ ግን እዚያ ሜዳ ላይ ያለውን ሰው ሆኜ ላየው ሞከርኩ። ከአዲስ አበባ አንዲት ልጅ ትመጣለች። ጂፒኤስ ይዛለች። መሬቱን በሜትር ትለካለች። በየአሥር ሜትሩ ቀይ ጨርቅ ያሰረችበት እንጨት ትተክላለች። በአገራችን መሬት በሜትር ሲለካና እንጨት ሲተከል ገበሬው ምን እንደሚያስብ ታውቂያለሽ። ልጆቹ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ሳጥን ያያሉ። ውስጡ የለውዝ ቅቤ ይሸታል። የትኛው ልጅ ነው ዝም ብሎ የሚያልፈው?

ፈቃድ ከቢሮ አምጥተሻል፣ አውቃለሁ። የቢሮ ማኅተም ግን እረኛ አያነብም። ጥር ላይ ስትሄጂ የመጀመሪያውን ቀን ምንም አትዘርጊ። ጠባቂዎቹን ይዘሽ ወደ ሽማግሌዎቹ ሂጂ። ቡና ካፈሉልሽ ቁጭ ብለሽ ጠጪ። ወጥመዱን አውጥተሽ አሳዪያቸው። አይጡ ሲገባ እንዴት እንደሚዘጋ፣ ተመዝኖ እንዴት እንደሚለቀቅ አሳዪያቸው። ከዚያ ጠይቂያቸው። «አባባ፣ ድሮ ሣሩ ሲዘጋ አይጡ ይበዛ ነበር ወይስ ያንስ?» በያቸው። እመኚኝ፣ የሚነግሩሽ ነገር አለ። እረኛ አይጡን በቀዳዳው፣ በመንገዱ፣ በቀለሙ ለይቶ ያውቀዋል። አንቺ በሦስት ሌሊት ያየሽውን እሱ ሲያየው ነው ያደገው። ያሉሽን ጻፊው፣ ከዳታሽ ለይተሽ። ውይይት የሚለው ምዕራፍሽ ላይ ትጠቀሚበታለሽ።

«አይጥ ለቃሚዋ» የሚልሽን ልጅ ደግሞ ጥሪው። ትምህርት በሌለው ሰዓት ወጥመድ ከሩቅ እንዲጠብቅልሽ ከወላጆቹ ጋር ተነጋገሪ። የሚገባውን ክፈያቸው። አይጡን እንዳይነካ አስጠንቅቂው፣ ጓንቱ ላንቺ ብቻ ነው። የጠፉትን 14 ማን እንደወሰዳቸው ግን አትመርምሪ። «ያገኘ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል፣ ምንም አልጠይቅም» ብቻ በዪ። ጥቂቱ ሳይመለስ አይቀርም።

አማካሪሽን በተመለከተ፣ ረጅም ኢሜይል እንደጻፍሽላቸው እገምታለሁ። ችግሩ፣ ሕመሙ፣ ስርቆቱ፣ ይቅርታው ሁሉ አንድ ላይ። እንዲህ ያለው ኢሜይል «በኋላ ተረጋግቼ አነበዋለሁ» ይባልና ይቀራል። አጭር አድርገሽ ድጋሚ ጻፊ። «ዶክተር፣ ነሐሴ ላይ ከአራት ግሪድ ሁለቱ በሕመም ምክንያት አልተሠሩም። 14 ወጥመድ ጠፍቷል። ሠንጠረዡን አያይዣለሁ። ጥር ላይ ሁለት ግሪድ ልጨምርና ጥያቄውን በክልልና በግጦሽ ላይ ላጥብበው አስቤያለሁ። ይስማሙበታል? ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ እመጣለሁ።» ይኸው ነው። ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ሂጂ፣ በር ላይ ጠብቂያቸው። ሠንጠረዡን አትመሽ ያዢ። ባዶዎቹን ሳጥኖች በእስክሪብቶ አክብቢያቸው። አንድ አማካሪ ተማሪው ጉድለቱን ራሱ አክብቦ ሲያመጣ ይቆጣል ብለሽ አትፍሪ። ቢቆጡም ይለፍ። ሁለት ሳምንት ጠብቀሽ ምንም መልስ ካጣሽ የዲፓርትመንቱን የድኅረ ምረቃ አስተባባሪ አነጋግሪ፣ ክስ ሳይሆን ምክር ፈልገሽ።

ጽሑፉ ላይስ እንዴት ይቀመጥ? ሜቶድ የሚለው ክፍል ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በነሐሴ ዙር ከአራቱ ግሪዶች ሁለቱ በአጥኚዋ ሕመም ምክንያት አልተሠሩም። በተሠሩት ላይ በ49 ፈንታ 35 ወጥመድ ነው የተዘረጋው። አለቀ። የይቅርታ ቃል አትጨምሪበት። ፊልድ ሥራ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ፈታኝ ያንን ሲያነብ ቀሪውን ሁሉ ያምንሻል። ሁሉም ሳጥን የሞላበት፣ አንድም ቀን ዝናብ ያላቋረጠው፣ አንድም ወጥመድ ያልጠፋበት የጓሳ ክረምት ሲያይ ነው የሚጠረጥረው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ደብተርሽን አውጪ። ነሐሴ የሚለውን ገጽ ክፈቺ። በሁለቱ ባዶ ግሪዶች ላይ «ታምሜ ተመለስኩ። አልተዘረጋም» ብለሽ ጻፊ። የጻፍሽበትን የዛሬውን ቀንም ከሥሩ አስቀምጪ።